ኮሪያ ሄዳችሁ ለመማር ለምታስቡ ልጆች

ኮሪያ ሄደው መማር የሚፈልጉ ልጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ "ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው አይደል?" ብለው ነው። ማስተርሴንና ፒኤችዲዬን እዚያ የሠራሁ መሐንዲስ ነኝና መልሱን አውቀዋለሁ። አዎ፣ ብዙ ቦታ በእንግሊዝኛ ነው። ዴጆን ከተማ ያለው ካይስት የሚባለው ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ኮርስ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ፖሃንግ ያለው ፖስቴክና ኡልሳን ያለው ዩኒስትም በእንግሊዝኛ መማር የሚቻልባቸው ናቸው። ይህን ሰምታችሁ ኮሪያኛውን ከተዋችሁት ግን የምታጡት ነገር ብዙ ነው። ልመክራችሁ የፈለግኩት ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው።

ክፍል ውስጥ የምታሳልፉት ጊዜ ትንሽ ነው። በተለይ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የምትማሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሕይወታችሁ "ላብ" በሚሉት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የላቡ የበላይ ፕሮፌሰሩ ነው። ርዕሱን የሚመርጠው እሱ፣ ገንዘቡን ከፕሮጀክት የሚያመጣው እሱ፣ መመረቅ አለመመረቃችሁ ላይ ትልቁ ድምፅ የእሱ። ከእሱ በታች ተማሪዎቹ በቅድሚያ ይደረደራሉ። ቀድሟችሁ የገባው "ሰንቤ" ይባላል። ማሽኑን ማን እንደሚያሠራ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ ደረሰኝ እንዴት እንደሚወራረድ፣ ፕሮፌሰሩ ምን እንደሚያስቆጣው የምታውቁት ከሰንቤ ነው። ይህ ሁሉ የሚወራው ደግሞ ካካኦቶክ በሚባለው የስልክ መልእክት መላላኪያቸው ግሩፕና በእራት ሰዓት፣ በኮሪያኛ ነው።

ስብሰባው ስለ እናንተ ሲባል በእንግሊዝኛ ይጀመራል። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ሲጠነክር ወደ ኮሪያኛ ይዞራል። ማንም እናንተን ለማግለል ብሎ አይደለም፤ ሰው ሲቸኩል በአፍ መፍቻው ነው የሚያስበው። ግማሹን እንኳ የምትሰሙ ከሆነ አብራችሁ አላችሁ። ካልሰማችሁ ግን የተወሰነውን ነገር በማግስቱ ከሌላ ሰው ትጠይቃላችሁ። ጥሩ ጥሩ ጽሑፍ ያሳተሙ ጎበዝ ልጆች አንድ ኮሪያዊ ጓደኛ ሳያፈሩ ሲመረቁ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ሥራ ፍለጋ ሲወጡም ብዙ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቃቸው የቶፒክ ውጤት ነው። ቶፒክ ማለት የኮሪያኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና ነው፤ ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው። የትርፍ ሰዓት ሥራም ቢሆን ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚፈቀድላችሁ ሰዓትም እንደ ቋንቋ ደረጃችሁ ይለያያል።

ደግሞ ለእኛ አይከብድም፤ ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። ሃንጉል የሚባለውን ፊደላቸውን ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ነው ለሕዝቡ ያወጀው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። መሠረታዊዎቹ ፊደላት 24 ብቻ ናቸው። "ሀ ሁ" ብሎ ላደገ ልጅ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለታላቅና ለእኩያ በተለያየ መንገድ መናገርም ለእኛ ልማድ ነው። ዕድሜያችሁን ቶሎ ሲጠይቋችሁ አትከፉ፤ እንዴት እንደሚያናግሯችሁ ለማወቅ ነው።

የኮሪያ መንግሥት የሚሰጠውን ጂኬኤስ የተባለ ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ትማራላችሁ። ወደ ዲግሪው ለማለፍ ቶፒክ 3 ያስፈልጋል። ብዙ ልጆች ይህን ዓመት እንደ ባከነ ጊዜ ያዩታል። በእኔ አስተያየት የስኮላርሺፑ ትልቁ ስጦታ እሱ ነው። ምዝገባው ለድኅረ ምረቃ በፈረንጆቹ የካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ይወጣል። በኤምባሲ በኩልም በዩኒቨርሲቲው በኩልም ማመልከት ይቻላል።

ለማመልከት ደላላ አያስፈልጋችሁም። ኮሪያ የሚወለደው ሕፃን በጣም እያነሰ ነው፤ በ2023 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 0.72 ልጅ ነበር። ስለዚህ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ይፈልጋሉ። መንግሥትም በዚያው ዓመት እስከ 2027 የውጭ ተማሪውን 300,000 ለማድረስ ዕቅድ አውጥቷል። በሩ ሲከፈት ደላላውም ይበዛል። "ለቋንቋ ትምህርት ግባ፣ እዚያ ሠርተህ ትከፍላለህ" የሚላችሁን ሰው አትመኑ። የቋንቋ ተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መሥራት አይፈቀድለትም። ቤተሰብ መሬት ሸጦ፣ ዕቁብ አስቀድሞ የላከው ልጅ ያንን ጊዜ በምን ያልፋል?

ሌላው አጥብቄ የምነግራችሁ የስም ነገር ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርት ላይ ግን የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። ዲግሪው ላይ በአንድ "ኤስ" የተጻፈው ስም ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ይሆናል። የልደት ቀንም ከእኛ አቆጣጠር ሲዞር በአንድ ቀን ይዛነፋል። አገር ቤት "ያው ነው" ተብሎ ይታለፋል፤ እዚያ ግን አይታለፍም። ማስረጃችሁን ወደ ሰነድ ማረጋገጫ ከመውሰዳችሁ በፊት ሁሉም ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን እዩ። ኮሪያ ከገባችሁ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣት ግዴታ ነው። ከዚያ ባንክ ስትከፍቱና ሲም ካርድ ስታወጡ ስማችሁ በመታወቂያው ላይ እንዳለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይመዝገብ። እዚያ አገር ኢንተርኔት ላይ ዕቃ መግዛትም ሆነ ትኬት መቁረጥ ብዙ ጊዜ በስልክ ማንነትን ማረጋገጥ ይጠይቃል። በስማችሁ መሃል አንድ ክፍት ቦታ ስለተለየ ብቻ ሲስተሙ አላውቃችሁም ይላል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። የምትጾሙ ልጆች፣ ኪምቺ አትክልት ቢመስልም ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ አለበት፤ ጠይቁ። ሙስሊም ልጆች ሴኡል ኢቴዎን ላይ ከ1976 ጀምሮ ትልቅ መስጊድ አለ፤ ዙሪያውን ሐላል ምግብ ታገኛላችሁ። ብርዱ የእውነት ብርድ ነው፤ ወፍራም ጃኬት ግን እዚያው ግዙ።

ቹንቾን ከተማ መሄድን ግን አትተዉ። ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኮሪያ በጦርነቱ ጊዜ የእኛው የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1951 ቡሳን ወርደው የተዋጉላት አገር ናት። ከመካከላቸው አንድም እንኳ አልተማረከም። በ1968 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ምረቃው ላይ የተገኙበት የዘማቾቹ መታሰቢያ ሐውልት ቹንቾን ላይ ቆሟል፤ በዚያው ዓመት የተከፈተው "ኢትዮጵያ ቤት" የተባለው ቡና ቤትም አጠገቡ አለ። ሽማግሌ ባለ ታክሲ ከየት እንደመጣችሁ ሲጠይቃችሁና ኢትዮጵያ ስትሉት ወሬው ይከፈታል። መልስ መስጠት የምትችሉት ግን በእሱ ቋንቋ ነው።

አሁን ማመልከት የጀመራችሁ ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲውን በስሙ ብቻ አትምረጡ። ፕሮፌሰሩን ምረጡ። ለእሱ ኢሜይል ከመላካችሁ በፊት የላቡን ድረ ገጽ ከፍታችሁ እዚያ ያለ የውጭ ተማሪ ፈልጉ፤ ለእሱ ጻፉለት። ማታ በስንት ሰዓት ትወጣላችሁ? ክፍያ በወቅቱ ይገባል? ፒኤችዲ በስንት ዓመት ይጨርሳሉ? አቋርጦ የወጣ ሰው አለ? ስብሰባው በየትኛው ቋንቋ ነው? ተማሪው መልስ ካልሰጣችሁ ሌላ ተማሪ ፈልጉና ጠይቁ። ለፕሮፌሰሩ መጻፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።