የአያትሽን መቃብር ከመፈተጋችሁ በፊት

ከአዲስ አበባ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአያትሽ መቃብር ሞጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። የድንጋይ ሽበት ወርሶታል፤ ወደ አንድ ጎንም ዘንበል ብሏል። ካረፉበት ዓመት የመጨረሻዋ ቁጥር አልነበብ ብላለች። የወንድምሽ ልጅ ደግሞ በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሞልቶ፣ ፊደሉን በጥቁር ቀለም ሊያደምቀው ተነስቷል።

ልጁን አመስግኚልኝ። የቅድመ አያቱ መቃብር የሚገደው ወጣት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ግን እባክሽ ለጊዜው አስቁሚው።

ደብረ ማርቆስ ድንጋይ ስጠርብ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የገጠር ደብር ውስጥ የአንድ ካህን መቃብር ዙሪያውን በሲሚንቶ አሰርኩ። ያን ቀን አምሮ ነበር። ሦስት ክረምት ሳይሞላው የድንጋዩ ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወረደ። ስማቸውም አብሮ ሄደ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስላሳ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ያተነዋል። ሲሚንቶ ጠርዙን ሲዘጋበት ውሃው መውጫ ያጣና በፊቱ በኩል ይወጣል፤ ጨውም ይዞ ይመጣል። ጨዉ ከቆዳው ሥር እየጠጠረ ፊቱን ይፈነቅለዋል። በረኪናም ድንጋዩ ውስጥ ጨው ትቶ ነው የሚደርቀው። የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ሽበቱን ከፊደሉ ጋር ነው የሚያነሳው። ሎሚና ኮምጣጤ የኖራ ድንጋይን ይበሉታል፤ እነሱንም እንዳታስቡ።

መጀመሪያ ድንጋዩን በመዳፍሽ ቀስ አድርገሽ ዳሺው። እንደ አሸዋ እጅሽ ላይ ከቀረ፣ ማጠቡ ይቅር። ጠንካራ ከሆነ ንጹህ ውሃና ጸጉሩ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በደንብ አርጥባችሁ ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እጠቡ፤ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው በደረቁ ላይ ወርዶ መስመር ይሠራል። ያልለቀቀ ሽበት ይቆይ፣ አትታገሉት።

ቁጥሯን ለማንበብ ዱቄትም ከሰልም አትቀቡ። ፀሐይ በጎን ስትመታው የተቀረጸው ሁሉ ጥላ ይጥላል። ካልሆነ ሲመሽ የስልክሽን መብራት ከድንጋዩ ጠርዝ አጠገብ ዝቅ አድርገሽ አብሪና ፎቶ አንሺ። ፲፱፻፵ የሚለው ይታያል ብለሽኛል፤ የጠፋችው ፮ ወይም ፯ ትመስላለች። እነዚህ ሁለቱ ሲሟሙ በእርግጥ ያሳስታሉ። ለዚህ እኔ ሁልጊዜ ወደ ወንጌላውያኑ እሄዳለሁ። ዓመቱን ለ4 ስታካፍዪ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስለዚህ 1946 ዘመነ ማርቆስ፣ 1947 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉትን ጠይቂ። ዓመቱን ቢረሱ እንኳ «በዘመነ ሉቃስ ነው ያረፈው» ወይም «ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ነው» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ጳጉሜ 6 የምትሆነውም በዘመነ ሉቃስ ነው። ያገኘሽውን ወረቀት ላይ ጻፊው። ድንጋዩ ላይ ግን ፊደል እንደገና እንዳይቀረጽ፣ ቀለምም እንዳይቀባ። በግምት የተቀረጸ ቁጥር ለልጅ ልጅ እውነት ሆኖ ይቀራል።

መዝመሙን በተመለከተ፣ ድንጋዩን ሳይሆን ጣሪያውን ተመልከቱ። በክረምት ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ የት ነው የሚያርፈው? ብዙ ጊዜ መቃብር የሚያዘምመው ይኸው ነው። አሸንዳ ካልተሠራለት ወይም ውሃው በትንሽ ቦይ ራቅ ብሎ ካልሄደ፣ ብታቀኑትም በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ያዘማል። ቦዩን ግን ሌላ ሰው ያረፈበት ላይ እንዳትቆፍሩ። ልጁ ብቻውን እንዳያነሳውም ንገሪው። 1 ሜትር ተኩል በ60 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲም የሆነ የኖራ ድንጋይ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እግር ይሰብራል፣ ራሱም ይሰበራል።

ስንጥቁን የምትሞሉት በኖራ ነው፤ አንድ እጅ የተቦካ ኖራ ለሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ። ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲያ ሥሩት። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ሳምንት ያህል ከፀሐይ ጠብቁት።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ፤ ግቢው የእነሱ አደራ ነው። ቦታው በቅርስነት የተያዘ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገዱን ያሳያችኋል።

ሞጣ ከደረስሽ አይቀር መርጡለ ማርያም ጎራ በይ። ከንግሥት እሌኒ ስም ጋር የሚነሳውን የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ ከልጁ ጋር እዩት። ጌጡን ቀረብ ብሎ ሲያየው የሽቦ ብሩሽ ምን እንደሚያጠፋ እኔ ከምነግረው በላይ ይገባዋል።

የቁጥሯን ፎቶ ስታነሺ ላኪልኝ፤ አብረን እናነባታለን።