ብረቷን ካገኛችሁ በኋላ

ልጆች፣

ከድምፅ ይፈጥን ስለነበረው የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ስለ ኮንኮርድ አደጋ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። «መንደርደሪያው ላይ የወደቀች ብረት ናት አይደል?» ይሉኛል። አዎ፣ ናት። ግን እሷን ብቻ ይዛችሁ ወደ አደጋ ምርመራ ብትገቡ ሩቅ አትሄዱም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ጥገናና በበረራ ደኅንነት ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ። እስቲ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 25 ቀን 2000። የኤር ፍራንስ ኮንኮርድ፣ የበረራ ቁጥር 4590፣ ከፓሪስ ሻርል ደ ጎል ወደ ኒውዮርክ ሊሄድ ነው። ተሳፋሪዎቹ 100፣ ሠራተኞቹ 9። መንገደኞቹ በብዛት ጀርመኖች ነበሩ፤ ኒውዮርክ ላይ የመዝናኛ መርከብ እየጠበቃቸው ነበር። አውሮፕላኑ ለመነሳት ሲንደረደር ከግራ ጎማዎቹ አንዱ ፈነዳ። ወዲያው ከክንፉ ሥር እሳት ተነሳ። ከመቆጣጠሪያ ማማው ሆነው ከኋላቸው እሳት እንደሚታይ ነገሯቸው። በዚያን ሰዓት ግን በሰላም ማቆም የሚቻልበት ፍጥነት አልፏል። ካፒቴን ክርስቲያን ማርቲ አውሮፕላኑን አነሳው። በግራ በኩል ያሉት ሁለት ሞተሮች አቅም አጡ። ጎማዎቹ አልታጠፍ አሉ። ከመሬት 60 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ፣ ጎማው ከፈነዳ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ ጎነስ በምትባል ከተማ አንድ ሆቴል ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 109 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሆቴሉ ውስጥም 4 ሰዎች ሞቱ።

አብራሪዎቹ ሊደርሱበት ያሰቡት ቅርብ የነበረውን የለ ቡርዤ አየር ማረፊያ ነበር። የፈረንሳይ የአየር አደጋ ምርመራ ቢሮ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ለ ቡርዤ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

አሁን ወደ ብረቷ እንምጣ። ርዝመቷ 43 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቷ 1.4 ሚሊ ሜትር። የተሠራችው ከቲታኒየም ቅይጥ ነው። የሪቬት (ብረትን ከብረት የሚያያይዝ ምስማር) ቀዳዳዎች አሏት። በአንድ ወገኗ ለሞቃት የአውሮፕላን ክፍል የሚቀባ ማሸጊያ ተለጥፎባታል። መርማሪዎቹ መንደርደሪያው ላይ ሲያገኟት የኮንኮርድ አካል እንዳልሆነች ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። ታዲያ የማን ናት? ቀድመው የተነሱትን አውሮፕላኖች ዝርዝር አወጡ። አምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ የአሜሪካው ኮንቲኔንታል አየር መንገድ አንድ ዲሲ-10 አውሮፕላን ወደ ኒዋርክ ተነስቷል። ያንን አውሮፕላን ሂውስተን ድረስ ሄደው አዩት። ከአንዱ ሞተር ሽፋን ላይ ቁራጩ የለም። ቦታው ባዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁራጩ ከቦታው ጋር ስለገጠመ ብቻ «በቃ፣ ተገኘ» አላሉም። ተመሳሳይ ብረት ሠርተው የኮንኮርድ ጎማ በላይዋ አስኬዱባት። ጎማው ተቆረጠ። የተቆረጠበት ቅርጽ ከእውነተኛው ጎማ ጋር ገጠመ። ያኔ ነው ብረቷ ጎማውን ቆርጣለች ማለት የቻሉት። አለቃችሁ ሲቸኩል፣ ጋዜጠኛ በር ላይ ሲቆም፣ ይህን የሙከራ እርምጃ ለመዝለል የሚመጣው ፈተና ቀላል አይደለም።

ደህና። ጎማው ተቆረጠ። ግን ጎማ እኮ ይፈነዳል። በየዓለሙ አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ጎማ ይፈነዳል፤ መንገደኛው ቅር እያለው ወርዶ በአውቶቡስ ወደ ተርሚናል ይመለሳል። ይኸኛው ጎማ ለምን 113 ሰው ገደለ? ምርመራው በእውነት የጀመረው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጎማው አራት ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ቁራጭ ተወርውሮ የግራ ክንፉን ሆድ መታው። እዚያ ያለው 5 ቁጥር ታንክ ነው፤ በነዳጅ ጢም ብሎ የተሞላ። ሁላችንም መጀመሪያ ያሰብነው ጎማው ታንኩን በሳው ብለን ነው። የወዳደቀው ሲለቀም ግን ከታንኩ ወለል የተገነጠለ፣ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ መንደርደሪያው ላይ ተገኘ። የተሰበረው ወዴት መሰላችሁ? ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ የመጣ ነገር ቢበሳው ኖሮ ወደ ውስጥ ነበር የሚጎብጠው። አፉ ድረስ ውኃ የተሞላ ጀሪካን በአንድ ጎኑ በኃይል ብትመቱት በሌላ ጎኑ ሊቀደድ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚሄድበት የለውማ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጎማው አንድ ቦታ መታ፤ የታንኩ ቆዳና ነዳጁ ኃይሉን አስተላለፉት፤ ታንኩ ሌላ ቦታ ላይ ወደ ውጭ ተገነጠለ። ነዳጁ እንደ ጉድ ፈሰሰ። ያቀጣጠለውን በሁለት አማራጭ አስቀመጡት፦ ወይ ጎማዎቹ በሚታጠፉበት ክፍል ያለ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ወይ የሞተሩ የጋለ አካል። አንዱን ለመምረጥ የሚያበቃ ማስረጃ ስላልነበራቸው አልመረጡም። ይህን «ወይ፣ ወይ» በጣም እወደዋለሁ። ሪፖርት ላይ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ያቺን የታንክ ቁራጭ ሳያገላብጥ «ተበሳ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ኖሮ ኋላ የመጣው መፍትሔ ሁሉ ይዛነፍ ነበር። ቁራጭ ስታነሱ አገላብጡ።

ከዚያ ደግሞ ሌሎች ምክንያቶች ተግተልትለው መጡ። ሁልጊዜም ይመጣሉ። አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት ክብደት አንድ ቶን ያህል በልጦ ነበር። ነፋሱ ከኋላ ነበር። የዚያን ቀን በነበረ የእሳት አደጋ ልምምድ ምክንያት የመንደርደሪያው ፍተሻ ተዛንፏል። ጥገና ላይ ደግሞ በግራ የማረፊያ እግሩ ውስጥ መኖር የነበረበት ስፔሰር (ክፍሎችን አራርቆ በቦታቸው የሚይዝ ቁራጭ) ሳይገጠም ቀርቷል። በተለይ ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው አሳምኗል። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ስቦ ነበር፤ ከውጭ አገር ተመልሰው ያረፉትን የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሺራክን ቦይንግ 747 እንኳ ለመምታት ደርሶ ነበር። ስፔሰሩም የጎደለው በግራ ነው። ከዚህ በላይ ምን ያጓጓል?

ግን መረጃው ምን አለ? የበረራ መቅጃው እንደሚያሳየው ጎማው እስኪቆረጥ ድረስ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን የጨመረው እንደ ወትሮው ነው። ጎማው ያለ ቅጥ ሲጎተት ቢቆይ ኖሮ ፍጥነቱ ይዘገይ ነበር። ስለዚህ ቢሮው የስፔሰሩን ጉድለት ጥፋት ነው ብሎ መዘገበ፣ የአደጋው መንስኤ አይደለም ብሎ ለየው። እስከ ዛሬ በዚህ የማይስማሙ የቀድሞ የኮንኮርድ ሰዎች አሉ፤ መብታቸው ነው። እኔ ከመቅጃው ጋር ነኝ። የመንደርደሪያው ፍተሻም ያው ነው። ብረቷ የወደቀችው ኮንኮርድ ከመነሳቱ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀድማ ነው። ቀደም ብሎ በሰዓቱ ቢፈተሽ ኖሮ እንኳ ገና ያልወደቀን ነገር ማን ያገኛል? አደጋ በደረሰበት ቀን የተገኘ ስህተት ሁሉ አደጋውን አላመጣም። ማንኛውንም የሥራ ቀን እንደዚያ ብትበረብሩት የሚጎድል ነገር ታገኛላችሁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ኮንኮርድ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው በ1976 ነው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ሳልል የምጽፋቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው)። እስከዚያች ቀን አንድም መንገደኛ አልሞተበትም። በዓለም ላይ እንከን የለሽ ይባል ነበር። መርማሪዎቹ ግን የድሮ ፋይል ሲያገላብጡ 57 ጊዜ ጎማው እንደፈነዳ ወይም እንደተነፈሰ አገኙ። ከነዚህ በ6ቱ ታንክ ተበስቷል። የኮንኮርድ ክንፍ ቅርጽ በዝግታ እንዲነሳ አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ ጎማዎቹ ከሌላው አውሮፕላን ይበልጥ ይጨነቃሉ። በ1979 ዋሽንግተን ደለስ ላይ አንድ ኮንኮርድ ጎማዎቹ ፈንድተው ታንኩን፣ ሞተሩንና የሃይድሮሊክ መስመሩን ጎድተውበታል። ተመልሶ በሰላም አረፈ። በ1981 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ነገሩ እንዳሳሰበው ለፈረንሳዮቹ ጽፏል።

ዝም አላሉም፤ በሐቅ እንናገር። የጎማ አየር መቆጣጠሪያ አስገቡ፣ ፍተሻ አጠበቁ፣ ጎማና ጎማ ማቀፊያውን አጠናከሩ። የታንኩ ውስጥ ግን እንዳለ ቀረ። ለምን ቢባል፣ ከነዚያ ሁሉ ጊዜያት በአንዱም የነዳጅ እሳት አልተነሳም። ሰው አልሞተም። ሰው ያልሞተበት ፋይል ደግሞ መደርደሪያ ላይ ለመተኛት ይቀናዋል። ከጎነስ በኋላ ታንኮቹ ውስጥ የኬቭላር (በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ሽፋን ተደረገ፤ ሚሼሊን አዲስ ዓይነት ጎማ ሠራ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተጠናከረ። ኖቬምበር 2001 እንደገና በረሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በ2003 ጭራሹኑ ተሰናበቱ።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀውን የኛን 302 በረራ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ 157 ሰው። መቅጃዎቹ የተነበቡት እዚያው ለ ቡርዤ ነው። አምስት ወር ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ከዚያም አንድ ቀን ቀድሞ፣ ያው የኢንዶኔዥያው አውሮፕላን አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች በሚደፋው በዚያው ችግር ተይዞ፣ አብራሪዎቹ የአፍንጫ ማስተካከያውን ሞተር አጥፍተው ጃካርታ በሰላም አርፈዋል። እኔ ስለ 302 ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ ያቺ ማንም ያልሞተባት በረራ ናት።

ስለ ጥፋተኛም ጥቂት ልበል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የምርመራው ዓላማ ዳግም እንዳይደርስ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። ፈረንሳይ ውስጥ ግን የወንጀል ምርመራውም ጎን ለጎን ይሄድ ነበር፤ የእንግሊዝ መርማሪዎች ማስረጃውን እንደልብ ማየት አልቻልንም ብለው አማረዋል። በፈረንጆቹ 2010 የፖንቷዝ ፍርድ ቤት ኮንቲኔንታልንና አንድ ሠራተኛውን በወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። በ2012 የቬርሳይ ይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን ሻረው፤ የድርጅቱ የካሣ ኃላፊነት ግን ጸና። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ታንኩ ብርታት ምንም አዲስ ነገር አልተገኘም። ቤተሰብ ፍትሕ ይሻል፣ ተገቢም ነው፤ የናንተ ጠረጴዛ ግን ሌላ ነው። ቴክኒሻኑ ከፈራችሁ አያወራችሁም።

ሌላው ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን፣ የሶቪየቱ ቱ-144፣ በ1973 የፓሪስ የአየር ትርኢት ላይ የወደቀው ከጎነስ ብዙም በማትርቀው ጉሳንቪል ነው። 14 ሰው ሞተ። መንስኤው በማያሻማ ሁኔታ አልተነገረም፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አላባራም። ምርመራ በግማሽ ሲቀር ቦታውን የሚሞላው ወሬ ነው።

ከናንተ መሃል ብዙዎቹ መርማሪ አይሆኑም። ሃንጋር ውስጥ፣ ራምፕ (አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ) ላይ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠሩት። ይህ ደብዳቤ በይበልጥ ለናንተ ነው። ጎማ ላይ መቆረጥ ብታዩ፣ ከሞተር ሽፋን ሪቬት ጎድሎ ብታገኙ፣ ቀይራችሁ ብቻ አትለፉ፤ ጻፉት። «ጎማው ተበላሽቶ ተቀይሯል» ብላችሁ ደግሞ አትጻፉ። የትኛው ጎማ፣ ከየት በረራ በኋላ፣ መቆረጡ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን ነው ወይስ ወደ ርዝመቱ፣ ምን ተሰክቶ ተገኘ፣ የተገኘው ነገር አሁን የት ነው ያለው። ስልካችሁ ካሜራ አለው፤ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡና ፎቶ አንሱት።