ከመጨመርህ በፊት ምን እንደተነቀለባት እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከአባትህ የወረስካት ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) አለች፣ በፈረንጅ 1983 ሥሪት። እንጦጦን ስትወጣ ታፈላለች። ቤንዚን ትጠጣለች። ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች። ጋራዥ መመላለስ ሰልችቶሃል፣ ግቢህ ውስጥ ራስህ ልትሠራት ነው። ከዚያ ከፍ ልታደርጋት፣ ሰፊ ጎማ ልታስገባላት፣ ከተቻለም ሞተሯን አውጥተህ 5ኤ የሚባለውን የቶዮታ ሞተር ልትከትላት አስበሃል። «ከየት ልጀምር?» ነው ያልከው።

እኔም ዲኤክስ አለችኝ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብረን ነን። ሙያዬ መካኒክነት አይደለም፣ አስተማሪ ነኝ። የማውቀውን ያወቅኩት ቅዳሜና እሁድ ኮፈን ከፍቼ ነው። መልሴ ባጭሩ ይኸው፦ ምንም ነገር ከመጨመርህ በፊት ምን እንደተነቀለባት ፈልግ። 40 ዓመት ያለፋት መኪና ብዙ እጅ አይታለች። አንዱ አንድ ነገር ነቅሎ «አያስፈልግም» ብሏል። ሌላው ሽቦ አሳጥሯል። ሌላው ቱቦ ደፍኗል። አሁን የመኪናዋ ጠባይ የመሰለህ ነገር ግማሹ የእነሱ ሥራ ነው።

ከማፍላቱ ልጀምር፣ እኔን ብዙ ያስከፈለኝ እሱ ስለሆነ። በ1998 ዓ.ም. ቤተሰቤን ይዤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ውሃው ፈላ። አዲስ አበባ ስመለስ አንድ ጋራዥ አስገባኋት። «ጓርኒሲዮን ነው» አሉ፣ ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ ማለት ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጨ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚያቆየውን ቴርሞስታትም ነቅለው ሰጡኝ። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» አሉኝ። ሦስት ወር ቆይታ እንደገና አፈላች። እንደገና ጓርኒሲዮን። በሦስተኛው ራዲያተር የሚበይዱ አንድ አባት ዘንድ ወሰድኳት። ሞተሩን አልነኩም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ከውስጥ ያለውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጫኑት። ጎማው እንደ እንጨት ደርቋል፣ ስፕሪንጉም ላልቷል። «ልጄ፣ ይህን ቀይር» አሉኝ። ቀየርኩ። ማፍላቱ ቆመ። ሁለት ጊዜ ሞተር ያስከፈተኝ ክዳን ነበር።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካወቅክ ማንም አያታልልህምና። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። የሞተሩ ውሃ ደግሞ ዳገት ላይ ከዚያ በላይ በቀላሉ ይደርሳል። ታዲያ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያለህ። ያን ግፊት በትክክል ከያዘ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ አይፈላም። ካልያዘ ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ በሰላም የምትሄድ መኪና እንጦጦ ላይ ታፈላለች። ስለዚህ ክዳን ከሶማሌ ተራ አሮጌ አትግዛ። ሌላ ብዙ ነገር ከዚያ ግዛ፣ እኔም ግማሽ መኪናዬ ከዚያ ነው። ክዳንና የፍሬን ጎሚኒ (የፍሬን ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) ግን አዲስ ይሁኑ።

ቴርሞስታቱን አሁኑኑ ፈትሽ። ከቴስታታው ፊት ለፊት፣ የላይኛው ወፍራም ቱቦ የሚገባበት ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ብሎን ነው የሚይዘው። ባዶ ሆኖ ካገኘኸው አትደነቅ። ቴርሞስታት ሲነቀል ሞተሩ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። በክረምት ከሳሪስ ፒያሳ እየተመላለስክ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ቤትህ ትደርሳለህ። ቤንዚን የምትጠጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የተደፈነ ራዲያተር ያለበት ሰው ቴርሞስታት ሲነቅል ለጊዜው ይሻለዋል፣ በሽታው ግን እዚያው ነው።

አዲስ ስትገዛ የ82 ዲግሪውን ውሰድ፣ ከመግጠምህ በፊትም በድስት ውሃ ሞክረው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። የእኛ ውሃ 92 ላይ ስለሚፈላ ቴርሞስታቱ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አታይም። መከፈት መጀመሩን ካየህ ይበቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ደህናውን ጥያለሁ።

የታችኛውንም ቱቦ እይ። ሞተሩን አስነስተህ ሰው ቤንዚን ሲሰጥ ቱቦው ወደ ውስጥ የሚጣበቅ ከሆነ ልፍስፍስ ብሏልና ቀይረው። ዳገት ላይ ውሃ የሚከለክለው እሱ ነው። ከዚያ ራዲያተሩን አሳጥበህ ኩላንት ሙላ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ስንሞላ ኖረን ነው ውስጡ ዝገት የሆነው። ሲፈላብህ ክዳኑን በፍጹም አትክፈት፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ። ብሎኩ፣ የሞተሩ አካል፣ ብረት ነው፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አጥፍተህ፣ ኮፈን ከፍተህ፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) አውጣና በተራ ደርድራቸው። ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው። ጥላሸት የለበሱ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እዚህም ከፍታው አለበት። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፣ ለጠረፍ አየር በተለካችው ቀዳዳ ቤንዚኑን ይሰጣል። መፍትሔው አነስ ያለች ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ መግጠም ነው። የነበረችውን በቆርቆሮ በይደው እንደገና የሚበሱ አሉ፤ አታስነካ። ያቺ ቀዳዳ በጣም ጥቃቅን ልኬት ያላት ናት። የድሮዋን ደግሞ አትጣል፣ በላስቲክ ጠቅልለህ ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጣት። ወደ አዋሽ ሰባት ስትወርድ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በጣም ያነሰው ሞተር እዚያ ይበልጥ ያንሰውና ይግላል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ አድርገህ ካንዴላውን እያየህ ሂድ።

ከካርቡሬተሩ በፊት ግን አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ፈልግ። ከካርቡሬተሩ ተነስታ ለካንዴላዎቹ እሳት ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጎን የምትገባ ናት። ቤንዚን በትንሹ ስትሰጥ እሳቱን ቀደም የምታደርገው እሷ ናት። የእኔዋ ጫፏ በብሎን ተደፍኖ ነበር! ማን እንደደፈነው አላውቅም። አዲስ ቱቦ ገጠምኩ፣ ያን ቀን መኪናዋ ቀለለች። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚሰጠውን ፑንቲና 0.45 ሚሊ ሜትር፣ ካንዴላውን 0.8 አድርግ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፣ ገመዶቹን ከመንቀልህ በፊት ቁጥር ለጥፍባቸው። የባልቦላው (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው) ክፍተት ሞተሩ በሞቀበት ሁኔታ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.30 ነው። አንዳንዱ 4ኬ (የዲኤክሷ ሞተር) ግን ክፍተቱን በዘይት ራሱ የሚያስተካክል ነውና ያንተ የትኛው እንደሆነ አረጋግጥ። የጠዋቱ ችግር አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሲስተካከሉ አብሮ ይሄዳል። ካልሄደ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያለውን የቾክ ክዳንና የባትሪውን መሬት ገመድ እይ።

ፍሬን አልጠየቅከኝም። እኔ ግን እጠይቅሃለሁ፣ የፍሬኑ ዘይት መቼ ተቀየረ? አባትህ ካልነገሩህ አልተቀየረም በል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርድና ምንም አይዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ይህ እንዲደርስብህ የማትፈልገው እዚያ ነው። በየሁለት ዓመቱ ቀይር። ጎማውን የሚያቆሙትን የፊቱን ፓስቲያና የኋላውን ሸራ፣ ጎሚኒዎቹንም እይ። ከፍሬኑ ቱቦ አየር ስታስወጣ ከሩቁ ጎማ ጀምር። መሪዋ ግራ ስለሆነ ሩቁ የኋላ ቀኝ ነው፣ ከዚያ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። አንድ ሰው ፔዳል ይርገጥልህ። የኋላውን ከበሮ ስትከፍት አቧራውን በአፍህም በኮምፕረሰርም አትንፋው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ይኖርበታል፣ ሳንባ ይጎዳል። ውሃ አርከፍክፈህ በጨርቅ ጥረገው።

ስለ መቀየሩ ደግሞ። ከፍ ማድረጉን ይገባኛል፣ መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን በሞላው (በጎማው በኩል ያለው ስፕሪንግ) ሥር ወፍራም ስፔሰር፣ ማለትም ማስረዘሚያ፣ ስትጨምር የፊት ጎማ አቋም ይለወጣል፣ ጎማ በአንድ ጎን ይበላል፣ መኪናዋም ኩርባ ላይ ትወላገዳለች። መጀመሪያ የላላውን ሞላና ያፈሰሰውን አሞርዛቶሪ (የመኪናዋን መዝለል የሚያበርደውን) ቀይር። አሮጌ ሞላ ስለተቀመጠ ነው ሆዷ የሚነካው። የእኔዋ አዲስ ሞላ ሲገባላት ያለ ምንም ስፔሰር ሦስት ጣት ከፍ አለች። ሰፊ ጎማ አትግጠም። 1,290 ሲሲ ሞተር ናት፣ በዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቷ ሩብ ያህሉን አየሩ ወስዶታል። የቀረውን ለጎማ አትስጠው።

5ኤ አስገባ ያሉህ ሰዎች ክፋት የላቸውም፣ ጥሩ ሞተር ነው። ግን የተሠራው በፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና ነው። ያንተዋ የኋላ ጎማ ነጂ ናት። ካምቢዮ፣ የሞተር መቀመጫ፣ የኢንጀክሽን ሽቦ፣ የቤንዚን ፖምፓ፣ ሁሉም ይለወጣል። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬህ ላይ ተጽፏል፣ ሳታስመዘግብ ብትቀይር ለቦሎ ስትቀርብ ትያዛለህ። በዚያ ገንዘብ ያለችውን 4ኬ እንደ አዲስ ታስነሳታለህ።

መቀየር ከፈለግክ እነዚህን ቀይር። ለፊት መብራቱ ሁለት ሪሌይ፣ ማለትም ከባትሪው በቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ማብሪያ፣ ግጠም። በድሮው ሽቦ አምፖሉ ዘንድ በቴስተር ስለካ 10.4 ቮልት ብቻ ነበር የሚደርሰው። ሪሌይ ከገጠምኩ በኋላ ከ12 በላይ ሆነ። በሌሊት የሰንዳፋን መንገድ ያየሁት ያኔ ነው። በፑንቲናው ፋንታ ኤሌክትሮኒክ እሳት ግጠም፣ በየጊዜው ከመፋቅ ትድናለህ። ኋላ ልጆች የምትጭን ከሆነ ደግሞ ቀበቶ አስገጥም። ከሁሉም ማሻሻያ ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ሁለት ልጆቼን እዚያ ወንበር ላይ አሳድጌአለሁ።

ግቢ ውስጥ ስትሠራ በክሪክ ብቻ ሥሯ አትግባ። ድንጋይም አትመን፣ ይሰነጠቃል። አራት የብረት መቆሚያ አስበይድ፣ ጎማውን አውጥተህ እሱንም በሥሯ አጋድመው። ባትሪውን ፍታ። መሣሪያ ብዙ አያስፈልግህም። 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍና ቡሶላ፣ ጥሩ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክፍተት መለኪያ፣ ቴስተር። የነቀልከውን ብሎን ሁሉ በቆርቆሮ ለይተህ አስቀምጥ፣ ከመንቀልህ በፊትም በስልክህ ፎቶ አንሳ።

እስከ ቅዳሜ ጊዜ ካገኘህ ሦስት ነገር ብቻ አድርግ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ከፍተህ ጎማውን ጫነው። የቴርሞስታቱን ቤት ክፈት። ካንዴላዎቹን አውጥተህ በተራ ፎቶ አንሳቸውና እዚህ ለጥፍልኝ። ያቺን ቀጭን ቱቦም አትርሳት፣ ጫፏ ላይ ብሎን ካገኘህ ንገረኝ።