ሲሊከን ኢንፍራሬድን «ያስተላልፋል» ወይስ «ያሳልፋል»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምገኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ስለ ከፊል አስተላላፊ ቁሶች (ሰሚኮንዳክተሮች፣ ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፉ እንደ ሲሊከን ያሉ) የኢንፍራሬድ (ከቀይ ብርሃን የረዘመ ሞገድ ያለው፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ምስልና ስፔክትሮስኮፒ (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የመመርመር ዘዴ) ያጠናሁትን በአማርኛ አሳጥሬ ስጽፍ «ሲሊከን ኢንፍራሬድን ያስተላልፋል» አልሁ፤ ጓደኛዬ ግን «ያሳልፋል» በል አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። «አሳለፈ» ከ«አለፈ» የወጣ አስደራጊ ግስ ሲሆን እንዲያልፍ ለቀቀ ማለት ነው፤ «አስተላለፈ» ግን ከ«ተላለፈ» የመጣ በመሆኑ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማድረስን ያሰማል። ደሴ ላይ የጦሳ ጉም ሲወርድ «ጉሙ የመኪና መብራት አያሳልፍም» እንላለን እንጂ «አያስተላልፍም» የሚል ሰው አልሰማሁም። ኤሌክትሪክን በተመለከተ «ማስተላለፍ» ተገቢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙሉን (ቻርጁን) ተሸክመው የሚያደርሱት የቁሱ ኤሌክትሮኖች ናቸውና። በብርሃን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ የሲሊከን የኃይል ክፍተት፣ ማለትም የታሰረ ኤሌክትሮን ነጻ ለመሆን የሚያስፈልገው ኃይል፣ 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ1.1 ማይክሮሜትር ገደማ የሚበልጥ ብርሃን ኤሌክትሮኖቹን ክፍተቱን ለማሻገር ኃይል ያንሰዋል፤ ስለዚህ ሳይመጠጥ ያልፋል። ለዓይናችን እንደ ብረት የሚያብለጨልጨውን ዋፈር (ስስ የሲሊከን ዝርግ) የኢንፍራሬድ ካሜራ ዘልቆ የውስጥ ስንጥቁን የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን «ከፊል አስተላላፊ» የሚለው ስያሜ ነው። በትምህርት ቤት «ብርሃን በከፊል አስተላላፊ» ማለትን ስለለመድን፣ በስያሜውም በዓረፍተ ነገሩም ውስጥ «ማስተላለፍ» ከገባ አንባቢው «ከፊል» የተባለው ብርሃኑ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ስሕተቱን የሚያባብሰው ደግሞ ቁጥሩ ነው፤ የሲሊከን የስብረት መጠን (ብርሃን ሲገባበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካው ቁጥር) 3.4 ገደማ በመሆኑ እያንዳንዱ ገጽ ከደረሰበት ብርሃን 30 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል፣ በሁለቱም ወገን የተወለወለ ዋፈርም የሚያሳልፈው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን ብቻ ነው። ይህ ግማሽ ከስያሜው «ከፊል» ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስለዚህ «ማስተላለፍ»ን ለኤሌክትሪክና ለሙቀት፣ «ማሳለፍ»ን ለብርሃን ቢለዩ ጽሑፍዎ ይጠራል።

በስፔክትረሙ (በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንዳለፈ በሚያሳየው ግራፍ) ላይ 9 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚታየውን ዝቅታ፣ በሲሊከኑ ውስጥ የተሰገሰገው ኦክስጅን ያመጣው ስለሆነ፣ «ኦክስጅኑ ይመጥጠዋል» ይበሉት፤ ለግራፉ ቋሚ መስመርም «የማሳለፍ ምጣኔ» የሚለው ይስማማል። ካሜራው ምስሉን ወደ ኮምፒውተር ሲልክ ግን ያለ ሥጋት «ያስተላልፋል» ብለው ይጻፉ።