ሰደድ እሳት ድንበር ሲሻገር ማን ያጠፋዋል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ካናዳ ውስጥ በሰደድ እሳት ማስተባበር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ እሳት ሲነሳ እንዴት እንደሚረዳዱ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ስለ ቪዛ አልመልስም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ጁን 2023 ዲሲን ጭስ ሸፍኗት ልጆቻችንን ከቤት አላስወጣንም። ካናዳዎች እሳታቸውን ለምን ዝም ብለው አዩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ብሎ ያየ የለም። በዚያ ዓመት ካናዳ ውስጥ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጥሏል። ብዙው መኪና የሚገባበት መንገድ በሌለው ሰሜን ነው። ከአሜሪካ፣ ከሜክሲኮ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከፈረንሳይም ሰው መጥቷል። የአሜሪካና የካናዳ የመረዳዳት ስምምነት የተፈረመው በ1982 ነው። የአሜሪካው ማስተባበሪያ ማዕከል ቦይሲ፣ የካናዳው ዊኒፔግ ነው። አንዱ ሲጨንቀው ይደውላል፣ ይህን ያህል ቡድን ለዚህ ያህል ቀን ይላል። ወጪው በኋላ ይተሳሰባል። እሳቱ ቤት እየበላ ስለ ክፍያ የሚከራከር የለም፣ ምክንያቱም ክርክሩ ድሮ አልቋል። ይህን ያዙልኝ፦ ስምምነት የሚፈረመው ከእሳቱ በፊት ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ታዲያ ካናዳ ለጭሱ ካሳ መክፈል አለባት!

ከቶሮንቶ፦ ወንድሜ፣ የዋሽንግተን ስቴትና የኦሪገን ጭስ ቫንኩቨር ሲገባ እናንተ ከፍላችኋል?

ከአሌክሳንድሪያ፦ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ከቶሮንቶ፦ ምኑ ነው ሌላ?

መልስ፦ የካሳውን ነገር ለብቻችሁ ጨርሱት። ቀጣይ።

ከሎስ አንጀለስ፦ ጃንዋሪ 2025 ከቤት ወጥተን የሸሸን ጊዜ ቢጫና ቀይ አውሮፕላን ውሃ ሲቀዳ አይተናል። የካናዳ ነው አሉ። እንዴት እንደዚያ ቶሎ ደረሰ?

መልስ፦ እግዚአብሔር እንኳን አተረፋችሁ። አውሮፕላኑ ቶሎ አልደረሰም፣ እዚያው ነበር። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከ1994 ጀምሮ ከካናዳዋ ኩቤክ ክፍለ ሀገር ጋር ውል አለው። በየዓመቱ መኸር ላይ ሁለት ውሃ ቀጂ አውሮፕላኖች ከነአብራሪዎቻቸው ይመጣሉ። የኩቤክ እሳት በፈረንጆቹ ጸደይና በጋ (ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ገደማ) ነው፣ የእናንተ ደግሞ ነፋሱ በሚበረታበት በፈረንጆቹ መኸርና ክረምት (ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ ገደማ)። የአንዱ ወቅት ሲያበቃ የሌላው ይጀምራል፣ ውሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ባሕሩን እየዳሰሰ በ12 ሰከንድ ገደማ 6,000 ሊትር ያህል ይቀዳል። ጃንዋሪ 9 ግን የአንድ ሰው ድሮን ክንፉን መትቶ በሳው፣ ሰፈር እየነደደ አውሮፕላኑ ለጥገና መሬት ቀረ። እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ ድሮን ካላቸው እሳት አጠገብ እንዳያስነሱ። ሜክሲኮም ሰው ልካለች። እሷ ከአሜሪካ ጋር ያላት ስምምነት ከ1999 ጀምሮ ነው።

ከዳላስ፦ ለምን በአውሮፕላን ብቻ ውሃ እየደፉ አያጠፉትም?

መልስ፦ ውሃ ከላይ እሳቱን ያዳክማል፣ ይገታዋል። የሚያጠፋው መሬት ላይ ያለ ሰው ነው፤ መስመር ቆፍሮ፣ ሥሩን ገልብጦ፣ ፍሙን በእጁ ዳስሶ። ሰው ካልተከተለ በማግስቱ ይነሳል።

ከሲያትል፦ ትልልቅ አውሮፕላን ቢበዛስ?

መልስ፦ አሁን መለስኩት እኮ። ከፍ ብላችሁ አንብቡ።

ከካልጋሪ፦ በ2016 የአልበርታ ክፍለ ሀገሯ ፎርት ማክሙሪ ከተማ ስትቃጠል ደቡብ አፍሪካውያን መጥተው ተጣልተው ሄዱ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እኔንም ያሳዘነኝ ነገር ነው። ወደ 300 የሚሆኑ ወጣቶች እየዘፈኑ ነው ከአውሮፕላን የወረዱት። ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው። ውሉ ግን በአልበርታ መንግሥትና በአሠሪያቸው መካከል ነበር። የሚደርሳቸውና እንጠብቃለን ያሉት ክፍያ ሳይገጥም ቀረ። ሥራ አቁመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከተማዋን ጥሎ የወጣው ሕዝብ 90,000 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ ሰው ያስፈልግ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ስንት እንደሚደርሰው፣ ማን እንደሚከፍለው፣ ከመሳፈሩ በፊት በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ መሰጠት ነበረበት። አሁንም እላለሁ፦ ከእሳቱ በፊት።

ከአትላንታ፦ እሳቱን ሆን ብለው በጨረር ነው የሚያስነሱት የሚሉትስ?

መልስ፦ የለም። ቀጣይ።

ከጎንደር፦ ጋሼ፣ በ2019 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል አይተናል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪመጡ ሕዝቡ በቅጠልና በአፈር ነበር የሚታገለው። እኛስ ከዚህ ምን እንማር?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ የአካባቢው ሰው ክብር ይገባዋል። በዚያ ገደል ላይ ጓሳው እየነደደ ቅርንጫፍ ይዞ መግባት ቀላል አይደለም። ከኬንያም ከእስራኤልም የመጡት ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን እሳቱ የጀመረው ማርች መጨረሻ ላይ ነው፣ እርዳታው የደረሰው ኤፕሪል ተጋምሶ። ሄሊኮፕተር ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚሸከመው ውሃ ይቀንሳል። በአስታ ዛፍ ሥር ውስጥ የተደበቀ ፍም ከላይ በሚፈስ ውሃ ብቻ አይሞትም። በ2000 ባሌና ቦረና ሲቃጠልም ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያ መጥቶ ነበር። ሁለቴም የተለመነው ከነደደ በኋላ ነው።

እኔ ብጠየቅ ከኬንያ ጋር አሁን እፈራረማለሁ። የበረራ ፈቃዱ በስንት ሰዓት ይሰጣል? ነዳጁ የት ይቀመጣል? ማን ያዛል? ካሊፎርኒያ ከ1970ው ቃጠሎ በኋላ አንድ የዕዝ ሥርዓት ዘረጋች፣ ዛሬ ካናዳም የምትሠራበት እሱን ነው። የኩቤክ ሰው አሜሪካ፣ አይዳሆ ቢሄድ አለቃው ማን እንደሆነ፣ ራዲዮው ላይ ምን እንደሚል ያውቃል። የደባርቅና የጃናሞራ ልጆችም እንዲህ ይሠልጥኑ፣ ጫማና መሣሪያ ይሰጣቸው። ከውጭ የሚመጣው ሰው የሚቀላቀለው የተደራጀ ቡድን ይፈልጋል።

ከአዲስ አበባ፦ በጀቱስ?

ከጎንደር፦ ዋልያውና ቱሪስቱ ከጠፋ በኋላስ በጀቱ ምን ያደርጋል?

ከአዲስ አበባ፦ እኔ አይሁን አላልኩም፣ ከየት ይመጣል ነው ያልኩት።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ፊርማና ሥልጠና ከሄሊኮፕተር ግዢ በብዙ ይረክሳል፣ ከዚያ ይጀመር።

ከሚኒያፖሊስ፦ ጋሼ፣ ካናዳ እሳት አጥፊ ሆኖ ለመግባት ቪዛው...

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? የጎንደሩ፣ የሥልጠናውን ነገር በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።