ቴክኒክ ወይስ ርቀት? ኮምቦልቻ ለሚዋኘው ወንድሜ

«ኮምቦልቻ ሆቴል ገንዳ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት እዋኛለሁ፤ 400 ሜትር የምጨርስበት ጊዜ ግን ስድስት ወር ሙሉ ፈቀቅ አላለም። ርቀት ልጨምር ወይስ ቴክኒክ ላይ ልቆይ?» ብለሃል። አብሽር ወንድሜ፣ እኔም በዚሁ ጥያቄ ብዙ ተንገላትቻለሁ።

ዋና የለመድኩት ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ነው፣ በልጅነቴ፣ ያለ አሰልጣኝ። ደሴ ሥራ ከያዝኩ በኋላ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ገንዳ መዋኘት ስጀምር ያሳሰበኝ ርቀት ብቻ ነበር። 1,000፣ ከዚያ 1,500፣ ከዚያ 2,000 ሜትር። በአራተኛው ወር ቀኝ ትከሻዬ ሸሚዝ መልበስ እስኪያቅተኝ ታመመ። ጓደኛዬ በስልክ ሲቀርጸኝ ምክንያቱን አየሁት፦ ቀኝ እጄ ውሃው ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቴን አልፎ ወደ ግራ ይሻገራል፣ ዳሌዬም ሰምጧል። በሳምንት 6,000 ሜትር ያንኑ ስህተት ሳጠነክር ነው የከረምኩት።

ከዚያ ደግሞ ሁለት ወር ቴክኒክ ብቻ ሠራሁ፦ በጎን ተኝቶ እግር መምታት፣ እጅን ጨብጦ መዋኘት፣ አንዱ እጅ ፊት እስኪደርስ ሌላውን ማቆየት። ልምምዱ አማረልኝ። 200 ሜትር በተከታታይ ስዋኝ ግን ከ120 በኋላ ትንፋሼ ያልቃል፣ እጄም ወደ ድሮው ይመለሳል። እጅ ማቆየቱን ስላበዛሁት ደግሞ በየቀዘፋው መሃል የመቆም ልማድ ያዘኝ፤ ውሃ ውስጥ ፍጥነት አጥቶ እንደገና መነሳት ብዙ ጉልበት ይበላል።

ያወጣኝ ቀዘፋ መቁጠር ነው። ገንዳውን በሜትር ለካነው፣ 18 ሜትር ሆነ። ያንተንም ለካው፣ በግምት አትመን። ሳይደክመኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለቱንም እጅ ቆጥሬ 14 ቀዘፋ ይፈጅብኛል። ይህ ቁጥር ዳኛዬ ሆነ።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ሰውነቴን በቀስታ ካሟሟቅሁ በኋላ አንድ ጉዞ (ከጫፍ እስከ ጫፍ) ከእነዚያ የቴክኒክ ልምምዶች አንዱን፣ ወዲያው አንድ ጉዞ ሙሉ ዋና፣ እያፈራረቅሁ 16 ጉዞ። ልምምዱን ለብቻው ሠርቶ ዋናውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጀመር ለእኔ አልሠራም፤ የተሰማህን ነገር ሳይጠፋብህ ወደ ሙሉ ዋና ልታስገባው ይገባል። አንድ ቀን አንድ ስህተት ብቻ ነው የማርመው። ከዚያ ርቀቱ ይመጣል፦ ስድስት ስድስት ጉዞ፣ ስምንት ጊዜ፣ በመሃል 30 ሴኮንድ እረፍት። በአምስተኛው ጉዞ እቆጥራለሁ። 15 ከሆነ እቀጥላለሁ። 17 ከደረሰ እረፍቱን አረዝማለሁ፣ አንድ ጉዞ እጄን ጨብጬ እዋኝና እመለሳለሁ። እንደገና 17 ካለ የዚያን ቀን ርቀት አበቃ፣ ዕቅዱ ምንም ይበል ምን።

በፍጥነት ብቻ ልግፋው ብትል ውሃው አይለቅህም። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የውሃው መቋቋም አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የሰመጠ ዳሌ የያዘ ሰው ሳምባውን ቢያጎለብትም ትርፉ ለውሃው ነው። በዚያ ላይ ኮምቦልቻ ራሷ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም፤ በባሕር ጠለል ላሉ ሰዎች የተጻፈውን የ10 እና የ15 ሴኮንድ እረፍት እንዳለ አትቅዳ።

ከሦስቱ ቀናትህ አንዱን ልምምድ ይብዛበት፣ አንዱን እኩል አድርገው፣ ሦስተኛውን ርቀት ይብዛበት። ሳምንታዊ ርቀትህን የምትጨምረው ቁጥሩ ሁለት ሳምንት ሳይናጋ ሲቆይ ብቻ ነው። እኔ በዚህ መንገድ በሦስት ወር 22 ጉዞውን፣ ማለትም 396 ሜትሩን፣ ከ9 ደቂቃ ከ40 ወደ 8 ደቂቃ ከ30 አወረድኩት፤ ሳምንታዊ ርቀቴ ግን ከበፊቱ ያነሰ ነበር። ትከሻዬም ተመለሰልኝ።

አጭር ገንዳ ሌላም ነገር ይደብቃል፦ በየ18 ሜትሩ ግድግዳ ረግጠህ ስትነሳ አራት ሜትር ያህል በነጻ ትሄዳለህ። ሐይቅ ላይ ግድግዳ የለም። ስለዚህ በወር አንዴ ወደዚያ ውጣና በተከታታይ ዋኝ፣ ቅርጽህ የት ላይ እንደሚፈርስ ይነግርሃል። ብቻህን ግን አትግባ፤ ጀልባ የያዘ ሰው ጎን ለጎን ይከተልህ።