መልስ፦ የአንድ ቀን ጫጩት ላስመጣ ወይስ የ45 ቀን ልግዛ?

ወንድሜ፣ ደሴ ሆነህ 50 የአንድ ቀን ጫጩት ከቢሾፍቱ ላስመጣ ወይስ ያደጉትን እዚሁ ልግዛ ብለሃል። ጀማሪ ከሆንክ የ45 ቀኑን ግዛ። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን ላባ አብቅለው ነው የምትረከባቸው። የፈንግል (ዶሮን በጅምላ የሚፈጅ በሽታ) ክትባት መውሰዳቸውን ብቻ አረጋግጥ።

ጫጩት ስትፈለፈል አስኳሉን በሆዷ ይዛ ስለምትወጣ ሳትበላም እስከ 72 ሰዓት ትቆያለች። በካርቶን ሩቅ አገር የሚላኩትም ለዚህ ነው። የሚገድላቸው ብርዱ ነው። እኔ አንዴ ሳስመጣ የአውቶቡሱ ረዳት ካርቶኑን ፖርቶመጋላ ላይ ጫነው። የጣርማ በርን ብርድ ታውቀዋለህ። ደሴ ደርሼ ስከፍተው ጥግ ላይ ተደራርበዋል፤ ከሥር የነበሩት 11 ጫጩቶች አልቀዋል። አልቅሽ አልቅሽ ነው ያለኝ!

የግድ የአንድ ቀን ካልክ፣ ከመምጣታቸው በፊት ክፍሉን በአምፖል አሙቅ። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትቀንሳለህ። ቴርሞሜትር ከሌለህ እነሱን እያቸው። አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ከሸሹት ሞቋቸዋል። መብራት ሲጠፋ ከሰል እንዳታስገባ፣ ጭሱ ያፍናቸዋል። ዙሪያው ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥን ይሻላል። እንደደረሱ መጀመሪያ ውሃ ስጥ፤ የእያንዳንዷን አፍ አንዴ ነከር አድርግላት። የማሬክስ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ በሽታ) ክትባት የሚሰጠው በተፈለፈሉ ቀን ስለሆነ ሻጩን ጠይቀው።

ዝርያውን በተመለከተ፣ ለእንቁላል ብቻ ከሆነ ቦቫንስ፤ ወንዶቹን ለበዓል መሸጥ ካሰብክ ሳሶ።